አለቃ እና የወለሉ ጥሪ

የብረት በር ሠሪ ነኝ። ቤታችን ከወርክሾፑ ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲጮህ ይውላል። ልጄ ግን ከተወለደች ጀምሮ ለጥ ብላ ትተኛለች። «ሠራተኛው እየለፋ አለቃ ታንኮራፋለች!» እያልኩ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ጉራዬን እነዛ ነበር። ስሟም አለቃ ሆኖ ቀረ።

ሚስቴ ግን አትስቅም። እርግዝናው ገና ሲጀምር ትኩሳት ይዟት፣ ፊቷና አንገቷ ላይ ሽፍ ብሎባት ነበር። ቶሎ ስለለቀቃት እኔ ረሳሁት። ሐኪሙ ግን «ቫይረስ ነው፤ ወደ ፅንሱም ሊሻገር ይችላል። ሲወለድ ልቡም፣ ዓይኑም፣ ጆሮውም ይታይ» ብሏት ነበር። ልጅቷ ስትወለድ ልቧና ዓይኗ ታይተው ደህና ናቸው ተባለ። የቀረው የጆሮዋ ቀጠሮ ነበር።

«ነገ እንውሰዳት» አለችኝ።

«ምን በወጣት! ደህናዋን ልጅ ደንቆሮ ልታደርጊያት ነው?»

«እኔ ነኛ ያደረግኳት» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ደሜ ፈላ። አለቃን የቤታችን የእንጨት ወለል ላይ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት፤ ከኋላዋ እዚያው ወለል ላይ ቆርቆሮ ዘርግቼ በመዶሻ ደለቅኩት። ልጅት ክው ብላ ዞረች!

«ይኸው! ምን አልኩሽ!»

ሚስቴ ልጅቷን አቅፋ ግቢው አፈር ላይ ቆመች። «ወለሉ ነው በንዝረቱ የነገራት። ቆርቆሮውን አንጠልጥለህ እዚህ ምታው።»

መታሁ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ደግሜ መታሁ። አለቃ የእናቷን ፀጉር መጎተቷን ቀጠለች።

እዚያው ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። እኔን ልጄን!

የጆሮ ሐኪሟም መርምራ ያንኑ፣ አለቃ እንደማትሰማ ነገረችን። ሚስቴ «ምን አጥፍቼ ነው?» ስትላት፣ «ምንም። ቫይረሱን ያስተላለፈብሽ ሰው እንኳ መታመሙን ላያውቅ ይችላል። የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ የእጅ ቋንቋም አለ፤ በጊዜ መጥታችኋል» አለቻት። ሚስቴ እሺ አለች እንጂ ከልቧ አልወጣላትም። ዛሬም እጇ ሽፍታው ወደነበረበት አንገቷ ሲሄድ ሳይ፣ እጇን ያዝ አደርጋታለሁ።

አሁን ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ወለሉን በጫማዬ ሁለቴ እመታለሁ። አለቃ ዞራ በድዷ ትስቅልኛለች። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን አፈረስከው!» ትላለች።

ትናንት ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታን ልብስ ስታጥፍ፣ አለቃ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታያታለች። ድንገት በዚያች ሚጢጢ መዳፏ ወለሉን ሁለቴ መታች። ሚስቴ እኔ የመታሁ መስሏት ተቆጥታ ዞረች። እኔ ወንበር ላይ ነኝ። አለቃ ሽቅብ እያየቻት ደግማ መታች።

ሚስቴ የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። ተንበርክካ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ «ወዬ!» አለቻት። «ወዬ፣ የኔ እናት!»