የተላገችው ጉብታ

በሥራ ቦታዋ «መላጊያ» ይሏታል፤ እሷ ፊት የቀረበ ሸካራ ነገር ሳይለሰልስ አያልፍማ። ሥራዋ ከእግር ጋር ነው፣ እግር ግን አትነካም። ደንበኛው መስተዋት ላይ ይቆማል፣ መሣሪያው ከሥር የእግሩን ፎቶ ያነሳል፣ እሷ ደግሞ የመጣላትን የእግር ምስል ኮምፒውተሯ ላይ እያገላበጠች ትቀርጻለች። አቧራና ብርሃን የፈጠሩትን የውሸት እብጠት ሁሉ ትልገዋለች። ከዚያ ማሽኑ በዚያው ቅርጽ ልክ የጫማ ውስጥ ሶል ይፈለፍላል።

ያን ቀን ጠዋት ለአጎቷ የቤት ጫማ የሚሆን ሁለተኛ ጥንድ ልትሠራ ምስላቸውን ከፈተች። የመጀመሪያውን ትናንት በእጇ ወስዳ ሰጥታቸው፣ ምርቃቱንም ጠግባ ነበር የተመለሰችው። ጥሬውን ምስል እሷ ከቀረጸችው ጋር ስታስተያይ ክው አለች። ከቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ባቄላ የምታህል ጉብታ ነበረች፤ በቅርጹ ላይ ግን የለችም። አቧራ መስላት ልጋታለች። እያንዳንዱ እግር ሁለቴ ነው የሚነሳው፤ ሁለተኛውን ስትከፍት ጉብታዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች። አቧራ ቢሆን ሁለቱም ላይ አይገኝም ነበር። አጥንት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሶሉ ሲቆረቁረው አውልቆ ይወረውረው ነበር። አጎቷ ግን ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ደንዝዟል። አምና ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ላይ ሲራመዱ ውለው አልተሰማቸውም፤ ቁስሉ አመርቅዞ የግራ እግራቸውን ትንሽ ጣት ይዞ ሄደ። አሁን ደግሞ የገዛ ወንድማቸው ልጅ የሠራችው ደረቅ ሶል እዚያች አጥንት ላይ እየተጫነ ነው።

ደወለች። ዝግ ነው። የሚስታቸውንም ሞከረች፤ እሱም ዝግ። የሁለቱም ስልክ ባንዴ ተዘግቶ አያውቅም። ለአለቃዋ «መጣሁ» ብላ እግሬ አውጪኝ አለች። አውቶቡስ ውስጥ በየፌርማታው ቀስ ብሎ የሚወርደውን ሁሉ በሆዷ ስትረግም ነው የደረሰችው።

በሩን የከፈቱት የአጎቷ ሚስት ሲያዩዋት ደነገጡ።

«ጋሼስ?»

«ወጣ ብሏል... እግሩን ሊያፍታታ።»

«በአዲሱ ሶል?»

ሴትየዋ መሬት መሬት አዩ። «እትዬ፣ በፈጠረዎት ይንገሩኝ!» እያለች ስትለምን አጎቷ ከኋላዋ ከች አሉ። ሰላምታም አልሰጠች። ወንበር ላይ አስቀምጣቸው፣ ተንበርክካ የቀኝ ጫማቸውን ፈታች። ውስጡ ያለው አሮጌው ሶል ነው። ካልሲያቸውን ገፈፈች፤ ከአውራ ጣታቸው ሥር ፈዘዝ ያለ ቅላት አለ እንጂ ቆዳው ደህና ነው።

«አንቺው ‹መጀመሪያ ትንሽ ያድርጉትና አውልቃችሁ እዩት› አላልሽም?» አሉ ሚስትየዋ። «ለአንድ ሰዓት ያህል አድርጎት እግሩን ሳየው ቀልቷል። ነጠቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ስልኩስ?»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ደውለሽ ‹እንዴት ሆነልዎት?› ማለትሽ አይቀርም» አሉ አጎቷ። «ልጃችን ለፍታ ሠርታልን ‹አልሆነም› ለማለት ምን አንደበት አለን? ሁለቱንም ስልክ አጥፋ ያለችኝ እሷ ናት።»

«ምን ላድርግ! ‹ቅር እንዳይላት ላድርገው› ብሎ ሲያስቸግረኝ ነው ያደረው!»

ነፍሷ መለስ አለ። እግራቸውን እንዳቀፈች ሳቀች፣ ሳቁም መሐል ላይ እንባ ሆነ። በጣቷ ስትዳብስ ጉብታዋን አገኘቻት፤ ጠንካራ ናት፣ እንዴት አቧራ መሰለቻት?

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። አጥንትዎን ላግሁት።»

«ኮምፒውተር ላይ ነው እንጂ እግሬ ላይ አይደል፤ ተመስገን ነው» አሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ግን የማይሆን ነገር ስሠራ ንገሩኝ። ስደቡኝ! ይሄ ይሉኝታ እኮ እግር ያስቆርጣል።»

የአጎቷ ሚስት ጠጋ አሉ። «ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ።»

«እንግዲያውስ የሶሉ ቀለም ያስጠላል። ደግሞ ይሸታል፤ መስኮት ላይ ነው ያሳደርኩት።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አሉ አጎቷ።

«ይተዉአቸው፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እሺ እትዬ፣ ሌላስ?»