ብርጭቆው ሲዞር

ጉድሩን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ወይን በዓሉ ሜዳ ወርዳ፣ የመንደሩ ወይን አምራቾች በየዓመቱ የሚሰበሰቡበት ረጅም ጠረጴዛ ጋ ደረሰችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እንኳን ደህና መጣሽ ያላት የለም፤ ተነሽ ያላትም የለም።

ዓይኗን በጨው አጥባ የመጣችው ወይን አምሯት አይደለም። ወይንማ ምድር ቤቷ ሞልቷል። የመጣችው ለወረፋ ነው። በጀርመን አገር፣ በዚያ የፋልዝ መንደር የመልቀሚያው ማሽን አንድ ነው፣ የጋራ ነው። የማን ማሳ መቼ እንደሚለቀም የሚወስነው ሃርትቪግ ነው፤ ስም ዝርዝሩን የሚያወጣውም ከበዓሉ ማግስት ሰኞ ጠዋት ነው። አምና የጉድሩንን ስም "ረሳው"። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ብቻዋን መቀስ ይዛ ሁለት ሳምንት ስትለቅም ዝናቡ ደረሰባትና አብዛኛው ፍሬ ሐረጉ ላይ እንዳለ በሰበሰ። ዘንድሮም ከተረሳች ማሳውን ከመሸጥ ሌላ መውጫ የላትም። ይህን ጠረጴዛው ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱማ ገዢ ሆኖ ድንበሩን በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል።

ጥፋቷ አንዲት "አዎ" ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የሃርትቪግ ወንድም ኩኖ ከውጭ አገር በቦቴ ያስመጣውን ርካሽ ወይን የራሴ ማሳ ውጤት ነው እያለ ሲያሽግ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ተቆጣጣሪዎች መጥተው በር ሲያንኳኩ ሁሉም አላየሁም፣ አልሰማሁም አለ። ጉድሩንን ግን "ቦቴው ግቢው ሲገባ አይተሻል ወይ?" ቢሏት "አዎ" አለች። መዋሸት አልሆነላትም፣ በቃ። የኩኖ ቤት ታሸገ፤ እሱም ማንሃይም ከተማ ልጁ ዘንድ ሄዶ በዓመቱ ሞተ። ያጭበረበረው ሰው እንደ ጻድቅ ተለቅሶለት ተቀበረ፤ ያየችው ሴትዮ ግን እስከ ዛሬ "እንደምን አደራችሁ" ስትል የሚመልስላት አጥታ ትኖራለች።

ወደ ጠረጴዛው እንድትመጣ የመከረቻት ቫልትራውድ ነበረች፤ የልጅነት ጓደኛዋ፣ የሠርጓ ሚዜ። ሐሙስ ዕለት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ግራ ቀኝ አየችና፣

"ነይና ዝም ብለሽ ቁጭ በይ" አለቻት። "ብርጭቆው ሲዞር ይደርስሻል። አንዴ ከጠጣሽ ሃርትቪግ ምን ሊል ነው?"

ነገሩ እውነት ነበር። ግማሽ ሊትር የሚይዘው፣ ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ ነጠብጣብ ዙሪያውን ያለው ያ ብርጭቆ ለአንድ ሰው ብቻ አይቀዳም። አንዱ ይጎነጭለትና አጠገቡ ላለው ያቀብላል፣ ያም ለሚቀጥለው። ለቄሱም፣ ለፖሊሱም፣ መንገድ ለጠፋው ቱሪስትም ይደርሳል። አብረው ከአንድ ብርጭቆ የጠጡ ሰዎች ደግሞ በማግስቱ ማሽን አይከለካከሉም።

ቫልትራውድ በቀኟ ተቀምጣለች። በግራዋ ያለው ከሰሜን፣ ከኪል ከተማ የመጣ ኤኖ የሚባል መምህር ነው። አዲስ የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ የሽንኩርት ኬኩን እያጣጣመ፣ ለሁሉም ፈገግ ይላል።

"እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎት?" አላት።

"እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ።"

"ታድለው። እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው።"



ሃርትቪግ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ብርጭቆውን ሞልቶ ቀመሰና ለቀጣዩ ሰደደው። "ዘንድሮስ ተርቡ በዝቷል ጃል" አለ ወደ ማንም ሳያይ። "ሳይጠሯት መጥታ ከሰው ጋር ቁጭ ትላለች።"

"ብትናደፍስ?" አለ አንዱ።

"ነድፋ የለ እንዴ። ወንድሜን ጠይቀው።"

ጠረጴዛው ሳቀ። ኤኖም አብሮ ሳቀና ተርብ ይኖር ይሆን ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ አየ። ጉድሩን አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ሳንቃዎች ትቆጥራለች። ስድብ ልትችል ቆርጣ ነው የመጣችው፤ የምትሻው ብርጭቆውን ብቻ ነው።

ብርጭቆው ኤኖ እጅ ገባ። ኤኖ ምን ያውቃል፤ ጠጣና እንደተማረው "ለጤናዎ" ብሎ ለእሷ ሰጣት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ጉድሩን በሁለት እጇ ተቀብላ ረጅም ተጎነጨች። ቀዝቃዛ ነበር፣ የሃርትቪግ የዳገቱ ነጭ ወይን፣ ሪዝሊንጉ ነው፣ አወቀችው። ደስ አላት፣ እንደ ሕፃን ደስ አላት። ወረፋዬ ረቡዕ ይሆንልኛል ብላ አሰበች፤ ሐሙስም ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ ብርጭቆውን ለቫልትራውድ አቀበለቻት።

ቫልትራውድ ይዛው ቀረች።

"ምነው ቫልትራውድ?" አለ ሃርትቪግ በለሰለሰ ድምፅ። "አልጠማሽም?"

ቫልትራውድ ወደ ጎን ዞር ብላ ወይኑን ጠጠሩ ላይ ደፋችው፤ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ። የብርጭቆውን አፍ በወረቀት ጠራረገችና፣ "ተርብ ገብቶበታል" አለች። ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ።

"ይቅርታ፣ እኔ አላየሁም" አለ ኤኖ ደንግጦ።

"ያንተ ጥፋት አይደለም፣ እንግዳ ነህ" አለው ሃርትቪግ። "እዚህች ሴትዮ ጋ ስትደርስ ዝለላት። ልማዳችን ነው።"

ኤኖ ጉድሩንን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን። ሁሉም እንደ ዘመድ ፈገግ ብለውለታል። ጆሮው ቀላ። "እሺ" አለ።

"አንቺ አይደለሽ ነይ ያልሽኝ?" አለች ጉድሩን።

ቫልትራውድ አላየቻትም። "ጥሪያት ያለኝ ሃርትቪግ ነው። የኔ ማሳ ማክሰኞ ይለቀማል ብሎኛል፣ ጉድሩን። ማክሰኞ።"

ተነስታ መሄድ ነበረባት። ግን ከዚያ ጠረጴዛ እስከ መንገዱ ድረስ ሁሉም ጀርባዋን እያዩ ይስቃሉ። ደግሞም፣ ያሳፍራል እንጂ፣ ምናልባት የሚል ነገር ውስጧ አልሞተም ነበር።

ሁለተኛው ብርጭቆ ተሞልቶ መጣ። ኤኖ ከንፈሩን ብቻ ነካ አደረገበትና በጉድሩን ደረት ፊት ለፊት ክንዱን ዘርግቶ ወደ ቫልትራውድ ሰደደው። ብርጭቆው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጉድሩን ወይኑ እንዳይፈስበት ወደ ኋላ ዘንበል አለችለት።

"አመሰግናለሁ" አላት በትሕትና።