ሲፉ ታም የጠጡት ሻይ

በአርባ ሦስት ዓመቴ ኩንግፉ ልማር ነው ስል ሚስቴ ሱት-ዪንግ አልሳቀችም፤ የሚያሳዝነው ይሄ ነው። «መጀመሪያ ደረጃውን ሳታለከልክ ውጣ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ጥቁር የሐር ልብስና ስስ ጫማ ገዝቼ ጨርሻለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከተማችን ፎሻን ውስጥ ሲፉ የምንለው የኩንግፉ መምህር አይጠፋም፤ የጠፋው እኔን የሚመጥን መምህር ነው። አንዱን ቦርጫም ነው ብዬ ተውኩት። ሌላው ሲያስተምር ያጨሳል። አንዷ ደግሞ «ልታስመዘግብ የመጣኸው ልጅህን ነው?» ስትለኝ ተቀይሜ ወጣሁ። የወለል ሴራሚክ ነጋዴ ነኝ፤ መምህርንም እንደ ሸቀጤ እያገላበጥኩ ጠርዙ ተሸርፎ እንደሆነ አይ ነበር። ከቀልዱ በስተጀርባ ግን አንድ የምር ነገር ነበረኝ። የእሱ ተማሪ ነኝ ብዬ ስሙን የምጠራው ሰው እፈልግ ነበር።

በመጨረሻ ልቤ ሲፉ ሎክ ላይ አረፈ። ስመ ጥር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ቢገፋም አረማመዳቸው ኮሽታ የለውም። እሳቸው ካልሆኑ ይቅርብኝ አልኩ።

በእኛ ዘንድ ተማሪ የሚሆን ሰው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሻይ ያቀርባል። ሲፉው ከጠጣ አባትህ ሆነ ማለት ነው። እሱ ራሱ ካልለቀቀህ በቀር በከተማው ማንም ሌላ አይቀበልህም።

ሲፉዎቹ እሁድ ጠዋት የሚገናኙበት ሻይ ቤት አለ። ባለቤቱ ደንበኛዬ ስለሆነ አስገባኝ። ሻዩን ቀድቼ፣ ስኒውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በሐር ልብሴ እየተጀነንኩ ወደ ሲፉ ሎክ አመራሁ። ወለሉ እኔው ራሴ «በፍጹም አያዳልጥም» ብዬ ምዬ የሸጥኩት ሴራሚክ ነው። አዳለጠኝ። ጉልበቶቼ መሬት ሲመቱ ድምፁ ኩሽና ድረስ ተሰማ፤ ከሻዩ ግን ጠብ ያለ የለም። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ያሉት ሎክ ሳይሆኑ ጎናቸው የተቀመጡት ሲፉ ታም ናቸው። የዶሮ እግር ይግጡ ነበር። አጥንቱን አስቀመጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ስኒውን ከእጄ ተቀብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ታም ልጅ ወለደ!» አለ አንዱ።

«ያውም ከነመላጣው!» አለ ሌላው።

ሲፉ ሎክ ራሳቸው ተነሥተው ታምን «እንኳን ደስ ያለህ» አሏቸው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼኔ ነው። ሲፉ ታምን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ከእሳቸው የሚማር ግን የለም። ትምህርት ቤት የሚሉት የሚኖሩበትን ፎቅ ጣሪያ ነው፤ ግማሹ የጎረቤት ልብስ የተሰጣበት ነው።

በማግስቱ ሲፉ ሎክ ዘንድ ሄጄ አዳልጦኝ ነው ብል፣ «ሻዩ አንዴ ተጠጥቷል። ታም ይልቀቅህና በደስታ እቀበልሃለሁ» አሉኝ።

እንዲለቁኝ ልለምን ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት እግሬን አስከፍተው፣ ፈረስ ላይ የተቀመጥኩ አስመስለው አቆሙኝ። ብዙም ሳይቆይ ፈረሱም ፈረሰኛውም ይንዘፈዘፉ ጀመር።

«ግራ ጉልበትህን ያምሃል» አሉ።

«ኧረ በፍጹም፣ ሲፉ።»

«ዋሾ! የሴራሚክ ካርቶንህን ስታነሣ ሁልጊዜ በእሱ ነው የምትንበረከከው። ከነገ ጀምሮ ቀኙን ተጠቀም።»

ሚስቴ ያላየችውን፣ ሐኪሜም ያላየውን አዩብኝ። ተናደድኩ። ልለያቸው የመጣሁትን ሰው ላደንቅ አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ በየጠዋቱ እወጣለሁ፤ እግሬን ተሸክሜ እወርዳለሁ። እንዲህ እያልኩ የዝናቡ ወራት ገባ። አንድ ቀን ጨክኜ ተናገርኩ።

«ሲፉ፣ ያን ቀን እኮ... አዳልጦኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ዕውር ነኝ እንዴ? እንደ ሩዝ ጆንያ ነው ዘጭ ያልከው።» አንገታቸውን በፎጣ ጠረጉ። «ፊቴ የተንበረከከ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሳትነሣብኝ ቶሎ ብዬ ጠጣሁት። ምላሴ ተቃጠለ።»

አንጀቴን በሉት።

እሳቸው ግን ስልካቸውን አውጥተው ሲፉ ሎክ ጋ ደወሉ። «ልጁን ለቅቄዋለሁ» አሉ። «አይ፣ ምንም ጥፋት የለበትም። አፉ ብዙ ነው እንጂ ሰነፍ አይደለም። ግራ ጉልበቱን ብቻ ጠብቅለት። በብርድ ጠዋት አታስቸኩለው።» ስልኩን ዘጉና «ሐሙስ ይምጣ ብሏል» አሉኝ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ሳይሆን የተሰጣውን ልብስ ነበር።

የፈለግኩት ሁሉ እጄ ገባ። ደስ ግን አላለኝም።

«አልሄድም» አልኩ።

«ምን ነካህ? ሎክ እኮ ከእኔ ይሻላል።»

«አዎ፣ ይሻላሉ።»

ቅር አላቸው፤ ትንሽ እንኳ ይከራከረኛል ብለው ጠብቀው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን እግሬን ከፍቼ ቦታዬን ይዣለሁ። አቋሜን ሊያርሙ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ፤ አርመው ከጨረሱ በኋላም አልለቀቁኝም።