ቀይ ስፌት ያለበት ኮረብታ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የእናታችን ግን አበዛው። እኔን ልብስ ሰፊ አድርጎ አወጣኝ፣ ታናሽ ወንድሜን ደግሞ ህልመኛ። ህልመኛ ስል ተኝቶ የሚያልም ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ማን ይከለክለዋል። ይሄኛው በጠራራ ፀሐይ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ነው የሚያልመው። ከአንዱ ፎቶ ተራራ ይቆርጣል፣ ከሌላው ውሃ ይቀዳል፣ ከሦስተኛው ሰማይ ያመጣል፤ ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ፣ ጠርዝ ጠርዙን አለስልሶ፣ የትም የሌለ አገር ይሠራል። ሐይቁ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ዛፉ ከደመና ይበቅላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ሰውም ያጨበጭብለታል! እኔ የተቀደደ ሱሪ ስጥፍ ጥገና ይባላል፣ እሱ ፎቶ ሲጥፍ ጥበብ። ይሁንለት፤ በጥበቡ ጠብ የለኝም። ጠቤ ስለ እናቴ ፊት ነው።

እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከአባዬ ፎቶ ጎን የምትሰቀል የራሷ ፎቶ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ጥቁር ፍሬም ውስጥ፣ ክራባቱን አጥብቆ፣ ድንገት እንግዳ እንደመጣበት ሰው አፍጥጦ ብቻውን ይኖራል። እማዬ ልጅ ሳለች ከተነሳቻት አንዲት የደበዘዘች ጉርድ ፎቶ በቀር ምንም የላትም። "አጠገቡ ልሁና! ስሞት ምኔን ልታዩ ነው?" ትላለች። በስልኬ ላንሳሽ ስላት ደግሞ ቱግ ትላለች። "ወንድ ልጄ ፎቶ አንሺ ሆኖ፣ እኔ በስልክ? ሰው ምን ይለኛል!" ምስማሩን እንኳ አስቀድማ አስመትታኛለች፤ ከአባዬ በስተቀኝ፣ ባዶውን ቀርቷል።

ህልመኛው በመጣ ቁጥር እማዬ ጉልበቷ እምቢ እያላት፣ ግድግዳ እየተደገፈች ከአልጋዋ ትነሳለች። ፀጉሬን አበጥሪልኝ ትላለች፣ ነጭ ሻሿን ታስራለች፣ ከንፈሯን ቅባት ታስነካለች፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። እሱ ይገባና ጉንጯን ሳም ሳም አድርጎ ዓይኑ መቅበዝበዝ ይጀምራል። አንድ ቀን ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይ ተተከለ። ዝናብ እየገባ የሻገተ ግድግዳ ነው፤ ጣሪያውን አስጠግን ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ መሰላችሁ!

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ደመና ነው!" አለኝ።

"ደመና አይደለም፣ ሻጋታ ነው። እናትህን የሚያስላት እሱ ነው።"

መች ሰማኝ! ካሜራውን አወጣና "እማዬ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚያ በይልኝ፣ ጥላሽ ገባብኝ" አላት። እናቴ ሻሿን እንዳሰረች ወንበሯን ይዛ ጥጉ ጋ ሄደችለት።

ሌላ ቀን ሰማያዊውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከነውሃው አነሳ። ሌላ ቀን ደግሞ የእማዬን የደም ግፊት ክኒን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ ትንፋሹን ውጦ። እሷ ክኒኗን ልትውጥ ውሃ ይዛ አጠገቡ ትጠብቃለች።

"እኔንስ?" አለችው።

"ተራሽ ደርሷል እማዬ፣ ብርሃኑ ይስተካከል ብዬ ነው።"

ብርሃኑ! ለክኒን የበቃ ብርሃን ለእናት አነሰ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ትኩሳት ይዟት በተኛችበት ቀን መጣ። በጎኗ ተጋድማ፣ ግራጫውን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ተከናንባ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"እማዬ፣ እንዳትነቃነቂ!"

"ውይ፣ ፀጉሬ…"

"ፀጉርሽን ተዪው፣ እንዲሁ ነው የምፈልግሽ!"

እማዬ በዚያ ትኩሳት ላይ ፈገግ አለች። ካሜራው ጠቅ ጠቅ አለ፤ ከግርጌ፣ ከራስጌ፣ አንዴም ወንበር ላይ ወጥቶ። ሲጨርስ ግንባሯን ሳመና "የኤግዚቢሽኔ ትልቁ ሥራ አንቺ ነሽ" አላት። አንቺ ነሽ ነው ያለው። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ እማዬ ያልነገረችው ጎረቤት የለም። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት ብቅ እያለች "የፎቶዋ እመቤት እንዴት አደሩ?" እያለች ታስቃታለች። እማዬም "ከኤግዚቢሽኑ ሲወርድ ልጄ ራሱ ይሰቅልልኛል" እያለች ምስማሩን ታሳያለች። ልቤ ጠርጥሯል፣ አልዋሽም። ወንድሜን አውቀዋለሁ። ግን እንዲህ ደስ ያላትን ሴት ምን ብዬ ላስደንግጣት?

የመክፈቻው ቀን እማዬ መውጣት ስለማትችል እኔና አዋላጇ ሄድን። "ከንፈሬ እንዴት እንደሆነ በደንብ አይታችሁ ንገሩኝ" ብላ ሸኘችን።

አዳራሹ ነጭ ነው፣ ሰዉ ብርጭቆ ይዞ አንገቱን አዝምሟል። አንዱ ሥዕል ሥር "ናፍቆት" ይላል፣ ሌላው ሥር "ናፍቆት ሁለት"፤ አንዱ አልበቃውም መሰለኝ። አዋላጇ ከዳር እስከ ዳር ዞራ "ኧረ የታለች?" አለችኝ። እኔም አላየኋትም። የሰው ፊት የሚባል ነገር የለም።

ትልቁ ሥዕል መጨረሻው ግድግዳ ላይ ነበር። ግራጫ ኮረብታ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ከላይ ነጭ ጨረቃ፣ ከጨረቃዋ ሥር ወፍራም ደመና። ሻርፕ የጠመጠመ አንድ ሰውዬ ከፊቱ ቆሞ ለሌሎቹ ያብራራል፦ "ይህችን ኮረብታው ላይ የምትጥመለመል ቀይ መንገድ ተመልከቱ። ወዴት ትወስዳለች? የትም! የሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ይህ ነው።"

ቀይ መንገድ? ጠጋ ብዬ አየሁ። የአልጋው ሽቦ ብርድ ልብሱን ቀዶት፣ ግራጫ ክር አልቆብኝ በቀይ የጠቀምኩት ስፌት ነው። የገዛ እጄ!

"ወዴት እንደምትወስድማ እኔ ልንገርዎት" አልኩት። "ወደ እናቴ ዳሌ ነው።"

ሰውዬው ሻርፑን ያዘ። አዋላጇ በሳቅ ልትወድቅ ነበር፣ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሐይቁ ሳፋችን ነው። ጨረቃዋ ክኒኑ ናት፤ መሃሏ ላይ የመስበሪያ መስመር ያላት ጨረቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዳሌዋ ተነስቼ በጎኗ፣ በትከሻዋ አድርጌ ወደ ላይ ሄድኩ። ጭንቅላቷ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የቤታችን ሻጋታ ደመና ሆኖ ተኝቷል።

ወንድሜን እጅጌውን ይዤ ኮሪደር ላይ አወጣሁት።

"ፊቷስ?"

"የማን?"

"የእናትህ ነዋ!"

"እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ፊት ካለ ሰው ፊቱን ነው የሚያየው፣ መልክዓ ምድሩን አያየውም። አድማሱን ሰበረብኝ። ለዚህ ነው ደመናውን ያወረድኩበት።"

"ጥሩ። ደመናውን አንሳውና ፊቷን አትምልኝ።"

ራሱን አከከ። "አንድ ላይ አዋህጄዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይላቀቅም። ዋናዎቹን ፎቶዎች ደግሞ፣ ያው ቦታ ይይዛሉ፣ የምፈልገውን ከቆረጥኩ በኋላ አጠፋቸዋለሁ።"

"የሻጋታውንስ አጠፋኸው?"

ጫማውን እያየ፣ "እሱ ለሌላም ይሆናል ብዬ አስቀምጬዋለሁ" አለኝ።

ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። በጥፊ ላጮለው እጄ ተነስቶ ነበር፣ አዋላጇ ያዘችኝ። "ነገ ጠዋት ያንን ኮረብታህን ይዘህ ትመጣለህ" አልኩት። "ለእናትህ አንተው ራስህ ታሳያታለህ። እኔ አልዋሽልህም።"

ማታ እማዬ ስትጠይቀኝ "ነገ እሱ ራሱ ያሳይሽ" ብዬ አለፍኳት። እሷም እሺ ብላ በደስታ ተኛች።

ጠዋት መጣ፤ ሥዕሉን በትንሹ አሳትሞ፣ ካሜራውንም አንግቶ። እማዬ ሻሿን አስራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ወረቀቱን ተቀበለችው። አቀረበችው፣ አራቀችው። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ በሻሿ ጫፍ ወለወለችና መልሳ አደረገች።

"ታዲያ እኔ የቷ ነኝ?"

ጣቱን ኮረብታው ላይ አኖረ። እማዬ የእሱን ተከትላ ጣቷን አሳረፈች፣ ቀዩን መስመር አገኘችና ቀና ብላ አየችኝ። "ያንቺ ስፌት እኮ ነው!" ብላ ሳቀች። ጣቷ በስፌቱ ሄደ፣ ትከሻው ላይ ወጣ፣ ደመናው ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ፊቴስ?"

"ከደመናው ሥር ነው፣ እማዬ።"

"ግለጥልኛ።"

"አይገለጥም።"

እማዬ ወደ ምስማሩ ተመለከተች። ህልመኛው ካሜራውን ከትከሻው አወረደ። "አሁን ላንሳሽ፣ አሁኑኑ፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው" እያለ ድምፁ ተሰበረ። እንባውም መጣ። አንጀቴ ሊራራለት ምንም አልቀረውም፤ ግን አልራራሁለትም።

እማዬ ሻሿን ፈታች። አጣጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው። እንደዚያን ቀን በጎኗ ተጋደመች፣ ግራጫውን ብርድ ልብስ ሳበች፣ ከአገጯ አሳለፈችው፣ ፊቷንም ፀጉሯንም ሸፈነችው። ከውስጥ ድምፅዋ ብቻ መጣ።

"በል አንሳ፣ ኮረብታህ ይኸውልህ።"

ቆሜ ጠበቅኩ። ካሜራው ጠቅ ሲል ግን አልሰማሁም።