የሚቀልጠው ሰደርያ

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዓለም ያላት ዘመድ ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነበር። እሷ መስኮቷ ሥር የስፌት መኪናዋን አስጠግታ የሰው ልብስ ትሰፋለች፤ እሱ ከመንደሩ ጀርባ ባለው ብረት ማቅለጫ እቶን ይቀልባል። ባለፈው በጋ ሙቀት መትቶት እዚያው እሳቱ ፊት ተዘርሮ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ እሳት አጠገብ እንዳይደርስ አጥብቆ መከረው። እሱ ግን ሌላ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተመለሰ።

«እታለም፣ እሳት ፈርቼ ጦሜን ልደር?» አላት።

«ጦምህን ብታድር ቢያንስ በዓይኔ አይሃለሁ» አለችው።

ክርክሩ እንደማያዋጣት ስታውቅ ሌላ ዘዴ ፈለገች። ለፀጉሯ የገዛችው የኮኮናት ዘይት ፍሪጅ ውስጥ እንደ ሻማ ጠጥሮ አግኝታው ነበር። ብልቃጡን በእጇ ስትይዘው ቀስ እያለ ይቀልጣል እንጂ ቅዝቃዜው ቶሎ አይለቅም። ነገሩ ከነከናት። አንዱን የላስቲክ ከረጢት ውሃ፣ አንዱን ጨው የበዛበት ውሃ፣ አንዱን ዘይት ሞላችና አፋቸውን በካውያ አሸገች። ፍሪጅ ውስጥ ሲጠጥሩ ሙቀት መለኪያ እያሰረችባቸው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራቸው ጀመር።

በረዶዎቹ ቆዳ ይለበልባሉ፤ ወንድሟ ደረቱ ላይ ሲያደርጋቸው ዘሎ ተነሣ። ዘይቱ ግን ለስላሳ ነው። መለኪያው የመጨረሻዋ ጓል እስክትሟሟ ድረስ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጓሏ ስታልቅ ሽቅብ መሮጥ ይጀምራል፤ ያኔ ከረጢቱን ታወጣዋለች። የምትፈልገውን አግኝታለችና ከዚያ ወዲያ ያለውን አልለካችም።

ከፊትም ከኋላም ኪስ በኪስ የሆነ የሸራ ሰደርያ ሰፍታ፣ በየኪሱ የጠጠረ ዘይት ያለበት ከረጢት ከተተችለት። የሥራ ጓደኞቹ ገና ሲያዩት ሳቁበት።

«ጦርነት ልትሄድ ነው ወይስ እንቁላል ልታስታቅፍ?» አለው አንዱ።

ፀሐይዋ ስትበረታ ሳቁ ቆመ። ሌሎቹ አናታቸው ላይ ውሃ ሲደፉ እሱ ደረቱን ነፍቶ ይሠራል። «በረዶው» የሚል ስም አወጡለት።

«እጅሽ ይባረክ፤ ዛሬስ እንደ ሰው ዋልኩ» አላት ቤት ሲገባ። እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ የጎረሰችው እህል ጣማት።

የብረት ማቅለጫው አለቃ ክፉ ሰው አይባልም፤ ሰው ሲጎድልበት የቆመውን የሚጠራ ዓይነት ነው። አንድ ቀን የእቶኑን አፍ የሚጠብቀው ሠራተኛ ታሞ ቀረ። አለቃው በረዶውን ጠራና፣ «አንተ እንደሆንክ አይሞቅህም፤ የሱንም ቦታ ያዝ» አለው። ሌሎቹ እየተፈራረቁ ጥላ ሥር ሲያርፉ እሱን የሚተካው አልነበረም።

ዘይቱ ቀልጦ ካለቀ ቆይቷል። ላስቲኩ ደረትና ጀርባውን ጠፍሮ ላቡን አፍኖታል። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ፊቱ መቅላቱን አይቶ፣ «ልጄ፣ ይሄን ነገር አውልቀው እንጂ» አለው።

«ግድ የለም አባባ፣ እህቴ ለክታዋለች» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ በግንባሩ ተደፋ። ሐኪም ቤት ቢያደርሱትም ነፍሱ አልተመለሰችም።

ልብስ ሰፊዋ ሽማግሌው ይህን ሲነግራት አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሲበተን ሰደርያውን ይዛ ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄደች። ዘይቱን ሳታጠጥረው፣ ቀልጦ ሳለ ለበሰችው። ሁለቱም ብብታቸው ውስጥ ሙቀት መለኪያ ሸጉጠው ምድጃው ፊት ቆሙ። ጋጋሪዋ ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሰችው። ያለ ሰደርያ የቆመችው ጋጋሪ ምንም አልሆነችም፤ የልብስ ሰፊዋ መለኪያ ግን ይወጣ ጀመር። ራሷን አዞራት። ጋጋሪዋ መንጭቃ አወለቀችላትና፣ «ልትከተይው ነው እንዴ?» አለቻት።

ያኔ አለቀሰች።

ሰነባብቶ ሽማግሌው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ከቤቷ መጣ። ሙቀቱ ብሶባቸዋል፤ ሰደርያ እንድትሰፋላቸው ነው።

«ዘይቱ በቀለጠ ሰዓት ወዲያው ካልወለቀ ይገድላል» አለቻቸው። «አለቃችሁ ወጥታችሁ እንድትቀይሩ ይፈቅዳል?»

«እሱስ አይፈቅድም» አለ ሽማግሌው። ከሁለቱ ወጣት የሆነው ግን፣ «አንቺ ስፊልን እንጂ የማውለቁን እኛ እናውቅበታለን» አላት።

«አይሆንም፣ ወንድሜ። ‹ግድ የለም› የሚል አንድ ሰው ነበረኝ።»

ቅር ብሏቸው ሄዱ። በጋው ሳያልቅ ያ ወጣት፣ ከላዩ ከአሮጌ ሸሚዝ በቀር ምንም ሳይኖር፣ እሳቱ ፊት ወድቆ ሞተ። ዳቦ ጋጋሪዋ መጥታ ስትነግራት ልብስ ሰፊዋ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። መኪናዋን አቆመች።

«ሰፍቼለት ቢሆንስ?» አለች።

ጋጋሪዋ ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።