ዋና የማይችለው የጀልበኞች ጠበቃ

«አባባ፣ እዚያ በር ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ» አለች ጸሐፊዋ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ገብቼ ወጣሁ፣ ልጄ። እግዜር ያጽናችሁ ብያለሁ» አሉ። ግን አልሄዱም። አንዴ ወደ ጎዳናው፣ አንዴ ወደ ሳሎኑ ያያሉ።

ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው፣ የሟቹ ጠበቃ ሚስት መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ዘመድ አዝማዱ ከቧቸዋል። ጸሐፊዋ ግን ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቃውን ማመልከቻ ስትተይብ፣ ቀጠሯቸውን ስታስታውስ፣ የጣሉትን መነጽር ስትፈልግ ኖራለች፤ የሥጋ ዘመድ ግን አይደለችም። የት ትቀመጥ? ስለዚህ ብርጭቆ ታጥባለች። እንባዋ በመጣ ቁጥር ቧንቧውን ትከፍታለች።

«የእርስዎን ፋይል የተየብኩት እኮ እኔ ነኝ» አለቻቸው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ አይደለም ቀጠሮው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሰው ሞቶበት የሚያለቅስ ቤት መጥቼ ‹የኔ ጉዳይስ?› ልበል? ይቅርብኝ ልጄ። ነውር ነው።»

ጉዳዩን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ጉም በወረደበት ጠዋት አንዲት የጭነት ጀልባ የሽማግሌውን ጀልባ ገጨች። ነጂዋም «መብራት አላበሩም» ብሎ መሰከረ። የወደቡ ጽሕፈት ቤት የማጥመድ ፈቃዳቸው እንዲሰረዝ ከሷቸዋል። መብራቱ ሲበራ ያዩ ሁለት መረብ ጠጋኞች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ነገር ግን ፋይል ብቻውን አፍ የለውም። በሰባ ዓመቱ ከውሃ የተባረረ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ምን ይሆናል? ዓሣውስ ቢሆን ከውሃ ወጥቶ ስንት ደቂቃ ይኖራል?

«ጋሼ ይህን ቢሰሙ ሁለታችንንም ይቆጡን ነበር» አለች።

እሷ ጠበቃውን ጋሼ ትላቸው እንጂ ወደቡ ላይ ስማቸው «የብሱ» ነበር። የጀልባ ግጭት፣ የመርከበኛ ውል፣ የማጥመጃ ወሰን፣ የውሃው ክርክር ሁሉ በእጃቸው ሲያልፍ፣ እሳቸው ግን ዋና አይችሉም፤ ውሃም አጥብቀው ይፈራሉ። «እኔ ባሕርን የማውቀው በአንቀጽ ነው፤ እሱ እኔን በአካል ባያውቀኝ ደስ ይለኛል» ሲሉ ጀልበኞቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ጸሐፊዋ የተዋወቀቻቸው ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ በቀረበት ዓመት ነው። ጀልባዋ ሰጠመች። ባለጀልባው ግን «እሱ አልተሳፈረም። ስሙ ከሠራተኞቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሌላ ሴት ይዞ ሄዶ ይሆናል» ብሎ ካደ። ባለትዳር እንዳትባል ባል የለ፤ መበለት እንዳትባል ሞት የለ። ጎረቤቱ እንኳ ለቅሶ ልድረስ ወይስ ልተው እያለ ያመነታ ነበር።

ጋሼ ወደቡን ሦስት ሳምንት ሲያስሱ ከርመው፣ አንድ በረዶ ሻጭ ባሏ ሲሳፈር ማየቱን ሰሙ። ሰውዬው ከባሕሩ ማዶ ተዛውሯል፤ በየብስ የሚያደርስ መንገድ የለም። በማግስቱ ጋሼ ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ደርበው ጀልባ ላይ ወጡ። አራት ሰዓት ሄደው አራት ሰዓት ተመለሱ። ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኗል፤ ኮፍያቸው ለትውከት ተሠውታ ቀርታለች። የምስክሩ ቃል ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደ ደረቀ ነው።

«ባልሽ ጀልባዋ ላይ ነበር፣ እህቴ» አሏት መሬት እንደረገጡ። «አልከዳሽም።»

ፍርድ ቤቱም እንደዚያው ጻፈ። ያን ቀን ነው ተቀምጣ ለባሏ ያለቀሰችው። ውለታ መላሽ ልሁን ብላ ቢሮአቸውን ልትጠርግ ብትሄድ፣ መጥረጊያውን ነጥቀው የጽሕፈት መኪና ፊት አስቀመጧት።

አሁን ትሪውን አስቀመጠችና ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ወደተቀመጡት ቀጭኑ ጠበቃ ሄደች። እኚህ ሰው የትልልቅ መርከብ ባለቤቶች ጠበቃ ናቸው፤ ከጋሼ ጋር ሃያ ዓመት እንደ አይጥና ድመት ሲፋጠጡ ኖረዋል። የሽማግሌውን ነገር ነገረቻቸው።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ከቀጠሮ ቀረሁ» አሉ። «ያንቺ ጋሼ በሌለሁበት ሊረታኝ ይችል ነበር። ተነሥቶ ‹ባላጋራዬ ሐዘን ላይ ናቸው፤ ከባዶ ወንበር ጋር አልከራከርም› አለ። በኋላ ስመለስ፣ ፊት ለፊት ረታኝ።» ሳቁ፤ ዐይናቸው ግን ሞላ። «ፋይሉ የት ነው?»

ፋይሉ እዚሁ ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ጸሐፊዋ ሚስትየዋ ፊት ተንበርክካ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ...» እያለች በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«አሁን የሥራ ሰዓት ነው?» ብላ አንዲት አክስት አጉረመረመች።

ሚስትየዋ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይደግፋቸው ተነሥተው ሄዱና ፋይሉን አመጡ። «ከመድኃኒቱ ይልቅ ይህን ነበር ሲያገላብጥ የከረመው» አሉ። «ውሰጂው።»

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ለቀጭኑ ጠበቃ ውክልና ፈረሙ። ችሎቱ ሲጀመር የመዝገብ ሠራተኛው የተከሳሹን ጠበቃ ጠራ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ገና የጋሼ ስም ነበር፣ ከነአባታቸው። ጸሐፊዋ ያ ስም ሲጠራ ሁልጊዜ «አለሁ» የሚል ድምፅ ትሰማ ነበር።

ቀጭኑ ጠበቃ ተነሡ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባልደረባዬ ከሦስት ቀን በፊት አርፈዋል። ስለ እሳቸው ቆሜያለሁ።»

ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «ይህ ችሎት ከእሳቸው ብዙ ተምሯል።»

መረብ ጠጋኞቹ ቀርበው ያዩትን ተናገሩ። ከቀትር በፊት ፈቃዱ አይሰረዝም ተብሎ ተወሰነ። ሽማግሌው የሚያመሰግኑበት ቃል ቢያጡ፣ መጀመሪያ ቀጭኑን ጠበቃ፣ ቀጥሎ ጸሐፊዋን፣ በመጨረሻ ምንም የማያውቀውን የችሎቱን ዘበኛ ሳይቀር አቅፈው ሳሙ።

ጸሐፊዋ ወደ ሐዘኑ ቤት ስትመለስ ሳሎኑ እንደ ትናንቱ ሞልቷል። በዚያው ወደ ወጥ ቤት ልታልፍ ስትል ሚስትየዋ ጠሯት።

«ምን ተባለ?»

«ረትተናል፣ እትዬ። ሽማግሌው ነገ ውሃ ላይ ይወጣሉ።»

«ተመስገን።» ሚስትየዋ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ እሱን ማታ ማታ ነው ያገኘሁት፤ ደክሞት፣ ግማሹን ነግሮኝ ግማሹን እንቅልፍ ወስዶት። ቀኑን ያየሽው አንቺ ነሽ። ነይ፣ ተቀምጠሽ ንገሪኝ።»

ጸሐፊዋ ቆማ ቀረች። ሚስትየዋ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉላት። ተቀመጠች። ከየቱ ልጀምር ብላ አፏን ስትከፍት፣ ከቃል በፊት ሦስት ቀን ያፈነችው ለቅሶ ቀደማት። ሚስትየዋ አይዞሽም፣ ዝም በይም አላሏትም። የለበሱትን ብርድ ልብስ ጫፍ ስበው የእሷንም ጉልበት አለበሱት።