ተራ የሚለቀው ሰውዬ

«ቀጣይ!»

ነርሱ ሲጣራ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ግንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ወደ ጎረቤቱ ዘረጋ።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ እናቴ። የኔ ትንሽ ቁርጠት ነገር ነው።»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው እየመረቁት ተነሡ። የነርሱ ዓይን ግን ግንበኛው ላይ ቀረ። ነርሱ ከማለዳ ጀምሮ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ማን አሁኑኑ መግባት እንዳለበት፣ ማን ሊቆይ እንደሚችል ሲለይ ነው የዋለው። ሰው ሁሉ «እኔ ልቅደም» እያለ ሲጋፋው ይሄ አንዱ ተራውን ያድላል። ደግነት መስሎት ሁለቴ አልፎታል። ነርሱ ራሱ፣ ሥራ ያስለመዳቸው ልጆች አለቃ ሆነው ሲያዙት «ይሁን» እያለ የኖረ ሰው ነው። «ይሁን» ያለን ሰው ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ሄዶ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

ግንበኛው ጡጫውን ደረቱ መሃል ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ። ሲሚንቶ የጫኑብኝ ይመስል... መንጋጋዬም ትንሽ። ያልፋል፣ አታስብ ወንድሜ።»

ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። እጁ ሲጨበጥ በረዶ ነው።

የልብ መመርመሪያው ያለው አንዱ አልጋ ጋ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ጣቱን በር የቀረጠፈው ሱፍ ለባሽ ተንጋሏል፤ «የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አማች ነኝ» ብሎ ገፍቶ የገባ። ባለፈው ወር እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው «ተራዎን ይጠብቁ» በማለቱ ነርሱ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ ከደገመው ይሰናበታል። የሦስት ልጆች አባት ነው።

«ጌታዬ፣ አልጋውን ይልቀቁልኝ።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«ጣትዎን አውቃለሁ። ይነሡ!»

«አልነሣም!»

«ተነሥ ብዬሃለሁ!»

«አንተ» ማለቱ ራሱንም ገረመው። ሐኪሟ ጩኸቱን ሰምታ መጋረጃውን ገለጠች።

«ዶክተር፣ የልብ ይመስለኛል። አልጋ ስጪኝ።»

ግንበኛውን አንዴ አየችው። «አስነሣው። ለሚመጣው እኔ አለሁ።»

ሱፍ ለባሹ እያጉረመረመ ወረደ፤ ግንበኛውን አስተኝተው ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ ለጠፉ። ሐኪሟ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ቀና አድርጋ አየች። «ልቡ ደም እያጣ ነው። አስፕሪን ያኝክ፤ መርፌ አስገባለት።»

ግንበኛው አስፕሪኑን እያኘከ፣ «ሕፃን የያዘች ሴት ነበረች... እሷ ትቅ...» አለና ዓይኑ ተገለበጠ።

ልቡ ቆመ። ነርሱ ደረቱን በሁለት እጁ ይጫን ጀመር። ስንት ዓመት የዋጠው ንዴት ክንዱ ላይ ወጣ።

«ራቁ!» ሐኪሟ በኤሌክትሪክ መታችው። ምንም።

ነርሱ እንደገና ተጫነ። «ይሄንን ተራ ግን አትለቅም! ሰማህ? ይሄንን አትለቅም!»

«ራቁ!»

ስክሪኑ ላይ የሚንዘፈዘፈው መስመር ቀጥ አለ፤ ከዚያ አንድ ጉብታ፤ ሌላ ጉብታ፤ ተከታተሉ። ግንበኛው አቃስቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ምነው... ሰው አስቸገርኩ?»

«በጣም እንጂ!» ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «እንኳን አስቸገሩን!»

ወደ ልብ ሕክምናው ሲገፉት አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ቆመ፤ አሮጊቷም ጉልበታቸውን ረስተው።

ሱፍ ለባሹ ግን ጣቱን እንደ ሰንደቅ አንሥቶ ጠረጴዛው ጋ ይጠብቃል። «ይሄንን ለአማቴ ባልነግር!»

«ንገራቸው» አለ ነርሱ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «ግንበኛው በሕይወት መኖሩንም አብረህ ንገርልኝ።»

ከዚያ «ቀጣይ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ከፊት የተጋፉትን አልፎ ወደ አግዳሚው መጨረሻ አየ።

«ዝም ብላችሁ የተቀመጣችሁ፣ እጃችሁን አውጡ» አለ። «ከእናንተ ነው የምጀምረው።»